የጉንዳን ሌሊት

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከአንድ ግራር ላይ በተሰቀለ ቀፎ ውስጥ ንቦች ይኖሩ ነበር። አንዷ እጭ ትመግባለች፣ አንዷ ሰም ትሠራለች፣ አንዷ በር ትጠብቃለች፣ አንዷ አበባ ትቀስማለች። «ሁሉም በየሙያው» እያሉ ይኮሩበት ነበር።

በጥቅምት አንድ ሌሊት ጉንዳን መጣ። ቀፎው በሙሉ ወደ በር ተመመ። መጋቢዎቹ ጠላት መለየት አልለመዱምና ከጠባቂዎቹ ጋር ተጋፉ። ቢሆንም በብዛታቸው አሸነፉ። ድሉን እያወሩ ወደ ውስጥ ሲመለሱ ግን እጮቹን በየቤታቸው ደርቀው አገኟቸው። ሌሊቱን ያጎረሳቸውም ያሞቃቸውም አልነበረም።

አሮጊቷ ንብ ቆጠረች። «ጉንዳን የገደለው አርባ፤ እኛ የረሳነው ሁለት መቶ።»

የጠባቂዎቹ አለቃ «እንግዲያው መጋቢዎቹን ሁሉ ውጊያ እናስተምር!» አለች።

«እሱ ግማሹ ነው ልጄ። መጋቢዋ ወደ በር ስትወጣ እጩን ማን ያጉርሰው? አንቺስ ማጉረስ ታውቂያለሽ?»

አለቃዋ አቀረቀረች።

አንዲት ቀሳሚ አጉረመረመች፦ «እማማ፣ አበባው የፈካው አሁን ነው። ልምምድ ስንል ማር ይጎድላል።»

«ይጎድላል» አለች አሮጊቷ። «ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አንድ ቀን ሥራ ተለዋወጡ። ጠባቂዋ ማጉረስ፣ መጋቢዋ የጠላትን ጠረን መለየት ተማረች። ማን ምን እንደሚችል፣ ማን በማን እንደሚተካ ሁሉም በቃሉ ያዘ።

ኅዳር ሳይወጣ ጉንዳኑ ተመለሰ። የተመደቡት ብቻ ወጡ፤ ተተኪዎቹ በቦታቸው ገቡ። ያቺ ያጉረመረመችው ቀሳሚ እጭ ስታጎርስ አነጋች። ማሩ በዚያ ዓመት ጥቂት ጎደለ፤ ከእጮቹ ግን በረሃብ የሞተ አልነበረም።

ሰው ይህን የተማረው በውድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ኢቦላ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። በዚያው ሰሞን ክትባቱ፣ የወሊድ አገልግሎቱና የወባ ሕክምናው ተስተጓጉሎ በኢቦላ ያልተያዘም ሰው ሞተ። እናም ወደ ወረርሽኙ የሚዘምተውን ነርስ ስናሠለጥን፣ ክትባት ክፍሉ ውስጥ የሚተካውንም አብረን እናሠልጥን።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።