ያልታዘዘ ጎመን፦ በአንድ የቹንቾን ምሳ ላይ የተደረገ የመስክ ጥናት

ምርቃት ምን እንደሆነ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሽንኩርት ሻጯ ሚዛኑን ካረጋች በኋላ አንድ ራስ ሽንኩርት ጣል ታደርጋለች። ካልጠየቋት አትመርቅም፤ ሲጠይቋትም የምትመርቀው ከትንንሾቹ ነው። ይህ ጥናት የሚመረምረው ግን ተመራቂው ሳይጠይቅ፣ እንዲያውም እየተቃወመ የሚሰጠውን የምርቃት ዓይነት ነው።

ጥናቱ የተካሄደው በደቡብ ኮሪያ፣ ቹንቾን ከተማ ነው። ከተማዋ የተመረጠችበት ሳይንሳዊ ምክንያት የለም። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የገባው የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ የሚገኘው እዚያ ነው፤ እሱን ጎብኝተን ስንወጣ ራበን። የናሙናው ብዛት ሁለት ሰው ሲሆን፣ አንደኛው አጥኚው፣ ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የመጡ ጋሼ ናቸው። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። በዚህም ምክንያት ከተማዋ ስሟ የሚነሳበት ዳክጋልቢ፣ በትልቅ የብረት ምጣድ የሚጠበስ ዶሮ ስለሆነ፣ ገና ከመነሻው ከጥናቱ ተሰርዟል።

የገባንበት ቤት ስድስት ጠረጴዛ፣ በእንፋሎት የደበዘዘ መስኮትና ማንም የማያየው ቴሌቪዥን አለው። ባለቤቷን ደንበኞች ሁሉ «ኢሞ» ይሏታል፤ የእናት እህት፣ አክስት ማለት ነው። ቤክባን አዘዝን፦ ሩዝ፣ ከተብላላ አኩሪ አተር የተሠራ ሾርባ፣ በቃ። ያዘዝነው ይህንኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ሰባት ትንንሽ ሳህኖች ተደረደሩ።

«ይሄን ሁሉ ማን አዘዘ?» አሉ ጋሼ።

«ማንም አላዘዘም። ከምግቡ ጋር የሚመጣ ነው።»

«ሒሳብ ላይስ?»

«አይቆጠርም።»

ጋሼ እጃቸውን ሰበሰቡ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳይታዘዝ የመጣ ምግብ ወይ የሌላ ሰው ነው፣ ወይ ሒሳቡ ሲመጣ የሚታወቅ ነገር ነው። አጥኚው ኪምቺን፣ ማለትም በአንዱ ሳህን ላይ የነበረውን የተብላላ ጎመን፣ በኅብረት የማዘጋጀት ባህል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡን፣ የመስቀል በዓላችንም በዚያው ጉባኤ መመዝገቡን ሲያስረዳቸው ግን ጎመኑን በዝምድና ዓይን ማየት ጀመሩ። ማንኪያ አነሱ። (የብረት ቾፕስቲኩን አልነኩትም። ኮሪያውያንም ሩዙን በማንኪያ ስለሚበሉ፣ ጋሼ ሳያውቁት ሥርዓቱን ጠብቀዋል።)

እዚህ ላይ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ተነሣ። ከሳህኖቹ በአንዱ ዓይናቸው ያፈጠጠ፣ ጥፍር የሚያካክሉ ደረቅ ዓሦች ነበሩ። ጋሼ አይተዋቸው፣ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሳይከፈት ወደ አጥኚው ገፏቸው። ችግሩ ኪምቺውም ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ወይም በጨው የተብላላ ሽሪምፕ ይገባበታል፤ ልዩነቱ ዓይን የለውም። ተጠኚው ሙሉ መረጃ የማግኘት መብት አለው። አጥኚው ግን በወቅቱ አፉ ሙሉ ስለነበር መረጃውን አላደረሰም።

ዋናው ግኝት የመጣው ሳህኖቹ ባዶ መሆን ሲጀምሩ ነው። ጋሼ የሰው ቤት ምግብ ማስተረፍ ባለቤቷን መናቅ ይሆናል ብለው ኪምቺውን አጠናቀቁት። ኢሞ ባዶ ሳህን እያየች ዝም ማለት እንግዳን መናቅ ይሆናል ብላ ሞላችው። ጋሼ የሞላችውን ጨረሱ። ሞላች። ከሳህኖቹ በአንዱ የነበረው በቆልት ሦስት ጊዜ፣ ኪምቺው አራት ጊዜ ተመላልሷል። አንዱ ወገን ቀበቶውን ላላ ሲያደርግ፣ ሌላው ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ተስተውሏል። ይሉኝታ ከሁለቱም ወገን እኩል ሲሆን ምግብ አያልቅም፤ ይህንን «የጋሼ ሕግ» ብለነዋል። «በሞቴ» የሚለው ቃል በኮሪያኛ ይኑር አይኑር ማጣራት አላስፈለገም፤ ሴትየዋ በእጇ ትለው ነበር።

በዚህ መሐል አጠገባችን አንዲት ሴት ሥጋና ሩዝ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልላ ባሏን አጎረሰችው። «ያጎራርሳሉ እንዴ!» አሉ ጋሼ፣ ጮክ ብለው። ሌላኛው ጉርሻ ግን የለም፤ ጠረጴዛው ላይ የተውነውን ሁለት ሺህ ዎን ኢሞ የረሳነው መስሏት ከፍለን ስንወጣ በሩ ድረስ ሮጣ መለሰችልን። የከፈልነው ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ነው።

በሩ አጠገብ በነጻ የሚቀዳ የቡና ማሽን አለ፤ ወተቱም ስኳሩም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ጋሼ አንዴ ፉት ብለው የወረቀት ኩባያውን በቀስታ አስቀመጡት። ኢሞ ልትደግምላቸው ስትነሣ «በቃኝ በላት» አሉ። ይህ ቃል በጥናቱ ውስጥ የተመዘገበው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1960 ዓ.ም. ከተማዋን በጎበኙበት ዘመን ወደተከፈተው «ኢትዮጵያ ቤት» ወደሚባለው ቡና መጠጫ ሄድን። ከፍለን አንዳንድ ጠጣን። ጋሼ ጨርሰው፣ ሲኒያቸውን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርገው፣ ቶናውን ሩብ ሰዓት ጠበቁ።