የማስታወሻ ኢሜል፦ ዓይነቱና ጠባዩ

የማስታወሻ ኢሜል ማለት መልስ ያጣ ኢሜልን ተከትሎ የሚላክ፣ አዲስ ነገር የማይናገር፣ ሆኖም ከዋናው ኢሜል ይበልጥ ልብ የሚያደርቅ የጽሑፍ ዘርፍ ነው። ዋናውን በአምስት ደቂቃ ጽፎ የላከ ሠራተኛ ማስታወሻው ላይ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። «እንደምን ሰንብተዋል» ብሎ ይጀምራል፣ ያጠፋዋል፣ ሻይ ጠጥቶ ይመለስና እንደገና ይጽፈዋል።

የዘር ሐረጉ ከመዝገብ ቤት ይመዘዛል። ኢሜል ሳይታሰብ በፊት መሥሪያ ቤቶች «በቁጥር ይህን፣ በቀን ይህን በተጻፈ ደብዳቤ መጠየቃችን ይታወሳል» እየተባባሉ ኖረዋል፤ ዛሬም እንዲሁ ይባባላሉ። ኢሜል ከዚህ ቅርስ ቁጥሩንና ማኅተሙን ትቶ ጭንቀቱን ብቻ ወርሷል።

ማሽንም ያስታውሳል፤ እንዲያውም ከሰው በተሻለ ሥርዓት። የኢሜል መላላኪያ ደንብ የሆነውና በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 5321 አንድ መልእክት አልሄድ ሲል ሰርቨሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ እያሳለፈ እንዲሞክር፣ ተስፋ ከመቁረጡም በፊት 4 ወይም 5 ቀን እንዲታገሥ ይመክራል። ካልሆነለት ለላኪው «አልደረሰም» ብሎ ያሳውቃል፤ ጉዳዩም ይዘጋል። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ደንብ አልወጣለትም። ወይ በነጋታው ይነዘንዛል፣ ወይ ሦስት ወር አኩርፎ ይከርማል። ከደንቡ ግን አንድ ቁም ነገር ይገኛል፦ ማሽኑ «አልደረሰም» ካላለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

የማስታወሻ ኢሜል በሦስት ይከፈላል፦ ትሑት፣ ተማጻኝና ከሳሽ። ከትሑቱ ወገን ጥልቅ ምርምር የሚሻው «ምናልባት ካልደረሰዎት» የሚለው ነው። ላኪው መድረሱን ያውቃል፤ ተቀባዩም ላኪው እንደሚያውቅ ያውቃል። ነገሩ እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁት» እንደሚለው ነው፤ ማንም አያምነውም፣ ማንም አይቀየመውም፣ ትሪው ግን ይቀርባል።

ይህ ዓይነት ጥፋቱን በሚያላክክበት አካል መሠረት ይከፋፈላል። ኔትወርክን የሚወቅሰው እጅግ የተስፋፋው ነው። ተቀባዩ ሳይዋሽ ሊስማማ ይችላል፤ ኔትወርክ ያላስለቀሰው ሰው የለምና። መብራትን የሚወቅሰው ቅርብ ዘመዱ ነው። ስፓምን የሚወቅሰው ግን የረቀቀ ነው፤ ተቀባዩን «አዎን፣ እዚያ ውስጥ አገኘሁት» ለማለት ያበቃዋል፤ ኢሜሉን በደረሰ ዕለት በስልኩ አንብቦ «በኋላ» ብሎ ያለፈው ቢሆንም።

ከሁሉ የሚደንቀው ራሱን የሚወቅሰው ነው። «ምናልባት አድራሻዎን ተሳስቼ ይሆናል» ይልና ይህንኑ ወደዚያው አድራሻ ይልከዋል። አድራሻው ስሕተት ከሆነ ይቅርታው አይደርስም፤ ትክክል ከሆነ ይቅርታው አያስፈልግም። በዚህ እንቆቅልሽ የተጨነቀ ላኪ እስካሁን አልታየም። ወንድሙ «አባሪው አልተያያዘ ይሆን ብዬ» የሚለው ሲሆን፣ አባሪውን ደግሞ በማያያዙ ቢያንስ ጥቅም አለው። የዚህም አንድ ዝርያ አለ፦ በሁለተኛውም ኢሜል አባሪው ተረስቶ የሚቀርበት። ተቀባዩ ከይሉኝታ የተነሣ ዝም ይላል፤ ላኪውም ተናቅሁ ብሎ ያዝናል። ብዙ ቅያሜ የበቀለው ከዚህ ነው።

ተማጻኙ ከስሙ ይታወቃል፤ ማብራሪያ አይሻም። ከሳሹ የሚታወቀው በግልባጩ ነው። ጽሑፉ እንደ ትሑቱ ለስላሳ ሆኖ፣ በግልባጭ መስመር ላይ የተቀባዩ አለቃ ተቀምጧል። መልሱ በአሥር ደቂቃ ይመጣል፤ «ኢሜልዎ ገና አሁን ነው የደረሰኝ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰዎች በደረጃ ላይ ሲገናኙ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ይነጋገራሉ።

የሚሠራ ማስታወሻ አጭር ነው። ከቀድሞው ኢሜል ሥር ተያይዞ ይጻፋል፤ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ይይዛል፤ ቀን ይቆርጣል፤ የቀኑንም ምክንያት ይናገራል። «በተቻለ ፍጥነት» ያለ ሰው አንዳች ነገር አልጠየቀም። «የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ እስከ ሰኔ 15» ያለ ግን ጠይቋል። ወሩም ይመረጣል። በሰኔ ሁሉም ሒሳብ ይዘጋል፤ በሐምሌ በጀት ገና አልተለቀቀም፤ በነሐሴ ኃላፊው ፈቃድ ላይ ነው፤ ጳጉሜን ወር ሳትባል ታልፋለች፤ መስከረም ከዕንቁጣጣሽ ወደ መስቀል ይሻገራል። ለማስታወሻ ኢሜል የተመቸው ጥቅምት ነው፤ እሱንም ስብሰባ ይካፈለዋል።

ከሦስተኛው ማስታወሻ በኋላ ያሉትን ዓይነቶች መመደብ ድካም ነው፤ አይመለሱምና። ስልክ ይደወላል፤ ከወዲያ በኩል «ኢሜል ልከው ነበር እንዴ?» ይባላል። እንግዲህ የሚቀረው ኢሜሉን በወረቀት አትሞ በአካል መሄድ ነው። ቀኑ ዓርብ ከሆነ ከ5:30 በፊት መድረስ ያስፈልጋል፤ መሥሪያ ቤቱ ለምሳ ወጥቶ የሚመለሰው 7:30 ነው።