የተሸነፈ የሚከበርበት ከተማ

ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

ባለፈው በስልክ «የብርዱንና የቤት ኪራዩን ወሬ ተወኝና የከተማህን ታላላቅ ሰዎችና ቦታዎች ጽፈህ ላክልኝ» ብለው ስላዘዙኝ፣ ከሥራ ባረፍኩ ቁጥር ከሐውልት ሐውልት ስዞር ከረምኩ። ጓደኞቼ ጤናዬን መጠራጠር ጀምረዋል። ዕድሜ ልኩን ታሪክ ሲያስተምር የኖረ አጎት እንዳለኝ ስነግራቸው ነው ትንሽ የተረጋጉት።

እኛ አገር ሐውልት የሚቆመው እንደ ምኒልክ ላሸነፈ፣ ወይም እንደ አቡነ ጴጥሮስ ለእምነቱ ለሞተ ነው። እዚህ ግን መንገድ ጠፍቶበት የቀረው፣ ገመድ የገባው፣ ባሕር የወሰደው ሁሉ ስሙ በድንጋይ ተቀርጾ አገኘሁት። ስሕተት መስሎኝ ደጋግሜ አጣርቻለሁ። አይደለም፤ የሜልበርን ሰው ተሸናፊ ይወዳል። ቀኑንም ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።

ከመሥራቾቹ ልጀምር። ጆን ባትማን የሚባል ሰው በ1835 ከታዝማኒያ ደሴት ተሻግሮ መጣና ከባለ አገሮቹ ከዉሩንጄሪ ሽማግሌዎች ጋር የመሬት ውል ተፈራረምኩ አለ። መሬቱ በእኛ ልክ ወደ 240 ሺህ ሄክታር ይሆናል። ዋጋው ደግሞ ብርድ ልብስ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ መቀስ፣ መስታወት፣ መሐረብ፣ ዱቄት፤ ሸሚዝም አለበት። የውጫሌን ውል ለስንት ትውልድ ያስተማሩ ሰው ይህን ቢያዩ ቀይ እስክሪብቶዎ አያርፍም ነበር። ሲድኒ ተቀምጦ የሚገዛው ሰር ሪቻርድ ቡርክ በዚያው ዓመት ውሉን ሰረዘው። ግን «እሰይ፣ ፍርድ አለ!» ለማለት አይቸኩሉ። የሰረዘው ሽማግሌዎቹ ተታልለዋል ብሎ ሳይሆን መሬቱ ቀድሞውንም የእንግሊዝ ዘውድ ነው ብሎ ነው። ባትማንም ብዙ አልቆየ፣ በ38 ዓመቱ በሽታ ጨረሰው። ደብዳቤውን ለእትዬ ጮክ ብለው ስለሚያነቡላት የበሽታውን ስም አልጽፍም።

የባትማን ባላንጣ ጆን ፓስኮ ፎክነር የእስረኛ ልጅ ነው። ራሱም በወጣትነቱ እስረኞች ሲያስመልጥ ተይዞ 500 ጅራፍ ቀምሷል። ሰፋሪዎች ጭኖ በገዛ መርከቡ ሊመጣ ሲነሳ አበዳሪዎቹ ያዙት። መርከቧ ሄደች፣ ባለ መርከቡ ቀረ። ሁለት ወር ያህል ዘግይቶ ደረሰና መጀመሪያ መጠጥ ቤት፣ ቀጥሎ ጋዜጣ ከፈተ። በ1838 ማተሚያ ስላልነበረው ጋዜጣውን በእጁ ይጽፍ ነበር። ባለ መጠጥ ቤትም ጋዜጠኛም ሆኖ የአገሩን ወሬ የሚቀድመው እንደሌለ መገመት አያቅትዎትም። «ከሁለቱ መሥራቹ ማነው?» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። የከተማዋ ስም ግን ለሁለቱም አልሆነም። በ1837 በጊዜው ለነበረው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሎርድ ሜልበርን ተሰጠ፤ እሱ አንድም ቀን እግሩ አልረገጣትም። እቴጌ ጣይቱ ቢያንስ ፍል ውኃ ድረስ ወርደው፣ አገሩን አይተው ነው ስም ያወጡት።

አሁን ወደምወዳቸው ሰዎች ልምጣ፤ በርክ እና ዊልስ። በ1860 የሜልበርን ባለጠጎችና ምሁራን ተሰብስበው አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን የሚያቋርጥ ጓድ እንላክ አሉ። መሪ አድርገው የመረጡት ሮበርት ኦሃራ በርክ አየርላንዳዊ የፖሊስ መኮንን ነው። የበረሃ ጉዞ ልምዱ ባዶ ነበር። ጭነቱን ልዘርዝርልዎ፦ ከሕንድ የመጡ ግመሎች፣ ፈረሶች፣ ሃያ ቶን የሚደርስ ስንቅና ዕቃ፣ የእንጨት ገበታ ከነወንበሩ፣ ሮኬት፣ የቻይና የነሐስ ደወል። በዚህ ላይ 60 ጋሎን አረቄ፤ ለሰዎቹ ሳይሆን ለግመሎቹ ጤና! የእኛ ሲራራ ነጋዴዎች በአሞሌ ጨውና በአንድ ቋጠሮ በሶ ስንቱን በረሃ አቋርጠዋል፣ ጋሼ?

ነሐሴ 20 ቀን ሮያል ፓርክ የሚባለው ሜዳ ላይ ሕዝቡ በሺዎች ወጥቶ እልል እያለ ሸኛቸው። አንዱ ጋሪ ከመናፈሻው ሳይወጣ ተሰበረ። እኩለ ሌሊት ላይ የደረሱት ኤሰንደን ነው። እኔ ያንን መንገድ በ59 ቁጥር ትራም አንድ የስልክ ወሬ ሳልጨርስ እደርሰዋለሁ።

ቀጥሎ ያለው ግን አያስቅም። በርክ መዘግየቱ አንገብግቦት ጓዱን ከፋፈለውና ዊልስን ጨምሮ ከሦስት ሰዎች ጋር ወደ ሰሜን ገሠገሠ። በሰሜን ካለው የባሕር ወሽመጥ አጠገብ ደርሰው ሲመለሱ አንዱ መንገድ ላይ ሞተ። የቀሩት ሦስቱ ሚያዝያ 21 ቀን 1861 ምሽት ላይ ኩፐር ክሪክ ከተባለው ወንዝ ዳር ሰፈራቸው ደረሱ፤ ባዶ ነው። ከአራት ወር በላይ የጠበቋቸው ሰዎች የሄዱት በዚያው ቀን ጧት ነበር! በአንድ ዛፍ ላይ «ቆፍሩ» የሚል ቃል ተቀርጿል፣ ከሥሩ ጥቂት ስንቅና ደብዳቤ ተቀብሯል። በርክ እና ዊልስ እዚያው አካባቢ አለቁ። ሦስተኛው ጆን ኪንግ የተረፈው የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የያንድሩዋንዳ ሰዎች አስጠግተው፣ ከሚበሉት አካፍለው ስላቆዩት ነው። የዚያን አገር ሰው ምን እንደሚበላና ውኃ ከወዴት እንደሚወጣ አስቀድሞ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አረቄ ባላስፈለገ።

ሜልበርን ለሁለቱ ሟቾች ታላቅ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረገች፤ በ1865 የነሐስ ሐውልት አቆመችላቸው። ሐውልቱ ግን እንደ ባለቤቶቹ ማረፊያ አላገኘም። መጀመሪያ መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ የትራም ሐዲድ ሲመጣ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ኖሮ በ2017 ለምድር ውስጥ ባቡር ግንባታ ተነቅሎ መጋዘን ገባ።

ሽፍታም አለን። ኔድ ኬሊ ይባላል፤ አየርላንዳዊ ድኻ ገበሬ ቤት የተወለደ፣ ሦስት ፖሊስ የገደለ፣ ባንክ የዘረፈ። ከማረሻ ብረት ጥሩር ቀጥቅጠው እሱና ጓደኞቹ ለብሰው ወጡ። ጥሩሩ የኬሊን ደረትና ራስ ሸፈነ፣ እግሩን ግን ረሳው፤ ፖሊሶቹም እግሩን መትተው ያዙት። ዳኛው ሰር ሬድመንድ ባሪ ሞት ሲፈርድበት፣ ኬሊ «በምሄድበት እንገናኛለን» ዓይነት ነገር መለሰለት። ኅዳር 11 ቀን 1880 ተሰቀለ። ዳኛው በ12ኛው ቀን ሞተ! እትዬ ይህን ስትሰማ ሦስት ጊዜ እንደምታማትብ አውቃለሁ። ዳኛ ባሪ ግን ለከተማዋ ውለታ የዋለ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲውንና ትልቁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በማቋቋም ግንባር ቀደም ነበር፤ ሐውልቱም ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ቆሟል። የኬሊ ጥሩር የት የተቀመጠ ይመስልዎታል? እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ገብቼ አይቼዋለሁ፤ የጥይቱ ስርጉድ ሳይቀር ይታያል። ሕፃናት ብረቱን ለማየት እየተጋፉ ይገባሉ፤ የዳኛውን ሐውልት ደረጃው ላይ ሳንድዊች የሚበላ ተማሪ እንኳ ቀና ብሎ አያየውም። ፈራጅና ተፈራጅ በአንድ ግቢ ሲኖሩ አሸናፊው ሽፍታው ሆኗል። እርስዎም ካሣ ኃይሉ በሽፍትነት እንደጀመረ እያስታወሱ አይፍረዱባቸው።

ይህን ደግሞ በሐሰት የጻፍኩት እንዳይመስልዎ። ሃሮልድ ሆልት የተባለ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር በታኅሣሥ 1967 ከሜልበርን ወጣ ብሎ ባለ ባሕር ዳርቻ ሊዋኝ ገባ፤ አልተመለሰም። አገር ምድሩ ተፈለገ፣ አስከሬኑ እስከ ዛሬ የለም። ከተማዋም ለመታሰቢያው ትልቅ ነገር በስሙ ሰየመች፤ የዋና ገንዳ! ስሙ በራፉ ላይ በደህና ፊደል ተጽፏል። ወላጆችም ልጆቻቸውን ዋና ሊያስተምሩ በየቅዳሜው ያመጣሉ።

የካፒቴን ኩክ ቤት የሚባል የድንጋይ ጎጆም አለ። ከእንግሊዝ አገር ተገዝቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ፣ በ253 ሣጥንና በ40 በርሜል ተጭኖ መጥቶ በ1934 እዚህ መናፈሻ ውስጥ ተተከለ። ቤቱን የሠሩት የካፒቴኑ ወላጆች ናቸው፤ እሱ እዚያ ስለመኖሩ ማረጋገጫ የለም። ሜልበርን ያለችበትንም ወሽመጥ አላየውም። ቲኬት ቆርጬ ገባሁ፤ አልጋው አጭር ነው።

በፈረስ ግን እንግባባለን። በኅዳር የመጀመሪያው ማክሰኞ በፈረስ እሽቅድምድም ምክንያት መሥሪያ ቤት ይዘጋል፤ በሕግ የታወቀ በዓል ነው። ንጉሡን አባ ዳኘው፣ አባ ታጠቅ እያለ በፈረሱ ስም ለሚጠራ አገር ልጅ ይህ ሊገርመው አይገባም። ፋር ላፕ የተባለው ፈረስ በ1930 የዚህን እሽቅድምድም ዋንጫ በላ፤ በ1932 አሜሪካ ሄዶ በድንገት ሞተ። ቆዳው ተሞልቶ ሜልበርን ሙዚየም ቆሟል፣ ልቡ ካንቤራ ነው፣ አጥንቱ ኒውዚላንድ። ከሙዚየሙ ሁሉ ብዙ ሰው የሚቆመው እሱ ጋ ነው። እኔም ቆሜ፣ ላዩ ላይ ያለውን የደም ሥር ሳይቀር አየሁ፤ የሚያርፍበት አጥቶ በሦስት ከተማ የተከፈለ ጀግና መሆኑ ግን ቅር አሰኘኝ።

አሁን ወደ ሰፈሬ። ፉትስክሬይ ማለት የእንጀራ ሽታ ከቬትናም ሾርባ ሽታ ጋር የሚጋፋበት ሰፈር ነው። ባቡር ጣቢያው ላይ ያለው መሻገሪያ ድልድይ በዊልያም ኩፐር ስም ተሰይሟል። ነጠላ የለበሱ እናቶች በፌስታል እንጀራ ይዘው ይሻገሩበታል። ማን እንደሆነ የጠየቅኩት ሁሉ አላወቀውም፤ እኔም ፈልጌ አነበብኩ። ኩፐር ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዮርታ ዮርታ ሰው ነው፣ እዚሁ ፉትስክሬይ ይኖር ነበር። ለወገኖቹ መብት ከ1,800 በላይ ፊርማ አሰባስቦ ለእንግሊዝ ንጉሥ አቤቱታ አዘጋጀ፤ መንግሥት ሳያስተላልፈው ቀረ። በታኅሣሥ 1938፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት፣ በጀርመን አይሁዶች ላይ የደረሰውን ግፍ ለመቃወም ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ወደ ጀርመን ቆንስላ ሄደ። ራሱ በገዛ አገሩ ሙሉ መብት የሌለው ሰው ስለ ሌላ ሕዝብ አቤት ሲል ይታይዎት! ይዞት የሄደውን የተቃውሞ ደብዳቤ አልተቀበሉትም። በ2018 ግን በባትማን ስም ይጠራ የነበረው የምርጫ ክልል ስም ተነሥቶ ኩፐር ተባለ። ያ የመሬት ውል የኋላ ኋላ እንዲህ ሆነ።

የእኛም ሰው እዚህ ተሸንፏል። በ1956 ኦሎምፒክ እዚህ ሲደረግ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካፈለች። ማሞ ወልዴ እዚህ ባለው ግዙፍ የክሪኬት ሜዳ 800ና 1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ በማራቶን ያደረገውን እርስዎ ለእኔ ነግረውኛል። እንግዲህ በዚህ ከተማ ልማድ ለማሞም አንድ ሐውልት ይገባዋል፤ ለሜክሲኮው ሳይሆን ለዚህኛው።

በዚያው ኦሎምፒክ የፈረስ ውድድሩ እዚህ አልተደረገም። የአገሩ የእንስሳት ጤና ሕግ ጥብቅ ስለሆነ የባዕድ ፈረስ አናስገባም ብለው ውድድሩ ስቶክሆልም ላይ ተደረገ። ስለዚህ እትዬን አደራ ይበሉልኝ፤ በሚቀጥለው ወር ለሚመጣው የጎረቤት ልጅ ቋንጣ እንዳትሰጠው። የኦሎምፒክ ፈረስ ያላለፈበትን ኬላ የእሷ ቋንጣ አያልፈውም።

አክባሪ የወንድምዎ ልጅ