የሁለት ፊርማ እስክሪብቶ

የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው፣ ሥልጠና በተቀመጠ ቁጥር ፈጣሪውን ያመሰግናል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ ያጻፉት ወንጌል እስከ ዛሬ ይነበባል። ሰባት መቶ ዓመት ተሻግሮ የሚነበብ ጽሑፍ! ማን ጠየቃቸው? የእኛ ሪፖርት ከበጀት ዓመቱ በኋላ አንድም ሰው አያነበውም፤ ቅር ያለውም የለም።

ደግሞ ድካማቸው! ጸሐፊው መቃ ይቆርጣል፤ ጫፉን በካራ ይቀርጻል፤ መሐሉን ይሰነጥቃል። ሲደነዝ መልሶ ይቀርጸዋል፤ እያጠረ እያጠረ ሄዶ በጣት አልያዝ እስኪል ድረስ። ከዚያ ይጥለዋል፤ እሱም አፈር ይሆናል። ቀለሙ ጥላሸትና የከሰለ እህል ከሙጫ ጋር ተለውሶ ወራት የሚቆይ ነው፤ ቀንድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲጎድል ይሞላል። ማዶ አምባሰል፣ ግሸን ላይ፣ ፊደሉ እንደ ጤፍ ስለደቀቀ «ጤፉት» ተባለ የሚሉት መጽሐፍም የተጻፈው በዚያው በሚቀረጽ ብዕር ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጽፈው ጽፈው አንድ ቅርጫት የረባ ቆሻሻ እንኳ አላወረሱንም።

እኛ ግን ተገላገልን። ገዳሙ ስላለበት ሐይቅ ብክለት ለመምከር ከደሴ፣ ከውጫሌ፣ ከኩታበር የመጡ ባለሙያዎች አዳራሽ ሲገቡ በር ላይ የፕላስቲክ ፎልደር ይታደላል፤ ውስጡ ማስታወሻ ደብተርና የፕሮጀክቱ ስም የታተመበት እስክሪብቶ አለ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። የመጀመሪያው ሥራ አቴንዳንስ ነው፦ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ፣ ፊርማ። የመጨረሻው የአበል ፔሮል ነው፦ ፊርማ ብቻ። በመሐል ያለው በፓወር ፖይንት ስለሚቀርብ በስልክ ፎቶ ይነሣል እንጂ አይጻፍም። የቢክ ፋብሪካ በፈረንጆች 1950 ገበያ ያወጣው እስክሪብቶ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ይወጣዋል ይላል። የእኛዋ በሁለት ፊርማ ጡረታ ትወጣለች። አንዳንዷማ ፔሮሉ ላይም አትደርስ፤ ባለቤቷ መዳፉ ላይ ያሻታል፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍስባታል፣ ጫፏን በክብሪት ያሞቃታል፣ በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ትቷት ከጎኑ ካለው ይዋሳል።

እዚያው አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ያ ውል ሲጻፍ ይህች እስክሪብቶ አለመኖሯ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። 17ኛው አንቀጽ ላይ ሳትደርስ ነጥፋ ጣሊያንንም እኛንም ከዓድዋ መንገድ ታሳርፈን ነበር።

«ከዚያስ የት ትሄዳለች?» የሚል ነገር ፈላጊ አይጠፋም። የትም አትሄድም። ሐይቅ ከአርዲቦ በኩል የሚወርደውን ጨምሮ ውሃ ይገባበታል፤ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። ጎርፍ ከከተማው ጠርጎ ያወረደው ሁሉ እዚያው ይቀመጣል። ከዚህ የበለጠ መዝገብ ቤት ከየት ይመጣል? ገዳሙ ብራናውን ይጠብቅ፣ ሐይቁ ቀፎውን። ፌስታልም ቢሆን በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ስለተከለከለ ሐሳብ አይግባችሁ፤ አዋጁን ማስተዋወቅ ሥልጠና ይጠይቃል፣ ሥልጠና ካለ ደግሞ ፎልደር አለ።

ሰሞኑን ግን «ቀለሙ የሚሞላ ብዕር እንያዝ» የሚሉ ተነሥተዋል። ያ የድሮ መምህራንና የጽሕፈት ቤት ሰዎች ደረት ኪሳቸው ላይ የሚሰኩት፣ ከብልቃጥ ቀለም የሚጠጣው፣ አባት ጽፎበት ለልጅ የሚተርፈው ማለታቸው ነው። ምላሱን አይታችሁታል? መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ነው፤ ያው የመቃው ስንጥቅ። ይህን ሁሉ ዘመን የተጓዝነው መቃ ላይ ልንመለስ ነው እንዴ? ጉዳቱ ደግሞ በዚህ አያበቃም። ብዕር ከከረመ ግዥ የለም፤ ግዥ ከሌለ ፕሮፎርማ የለም፤ የፕሮጀክቱስ ስም በምን ላይ ሊታተም ነው? ሠልጣኙ ባዶ እጁን ቤቱ ሲገባ ልጆቹ «ምን አመጣህልን?» ቢሉት «ዕውቀት» ሊላቸው ነው?

የግድ ነው ከተባለ ግን መላ አይጠፋም። የሚሞላው ብዕር ይገዛ፤ ለየሠልጣኙ፣ በየሥልጠናው፣ አዲስ። ሣጥኑ በላስቲክ ይጠቅለል። ብልቃጥ እጅ ስለሚያቆሽሽ ቀለሙ ተጠቅመው በሚጥሉት የፕላስቲክ ካርትሬጅ ይሁን። አያያዙን ለማሳየት ሐይቅ ዳር የሦስት ቀን ሥልጠና ይዘጋጃል። ብዕሩ የሚሰጠው በመዝጊያው ዕለት ከሰርተፊኬት ጋር ስለሆነ፣ እስከዚያው አቴንዳንስ መፈረሚያ የሚሆን ቢክ በር ላይ ይታደላል።