ስምንተኛው ክሮሞዞም የት ገባ?

ባዮሎጂ የመረጥኩት ከሒሳብና ከኮምፒውተር ለመሸሽ ነበር። ይኸው ዛሬ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጬ የወባ ተህዋስ ጂኖም እለቅማለሁ።

ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ጂኖሙ ትንሽ ነው፤ 23 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደል። የእኛ ከ3 ቢሊዮን ይበልጣል። ከታማሚ ደም ሲነበብ ግን ብቻውን አይመጣም፤ የሰውየውን ዲኤንኤ አግተልትሎ ነው የሚመጣው። ማሽኑም ሁሉንም ቆራርጦ ፋስትኪው በሚባል ፋይል ያስረክባል። ለእያንዳንዷ ቁራጭ አራት መስመር ነው፦ ስሟ፣ ፊደሎቿ፣ የመደመር ምልክት፣ በመጨረሻም ማሽኑ ንባቡን ምን ያህል እንደሚያምነው የሚናገር የምልክት መዓት። መጀመሪያ ሳየው ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

የምፈልገው ኤችአርፒ2 የተባለውን ጂን ነው። ጣት ተወግቶ ከሚደረገው ፈጣን የወባ ምርመራ ብዙው ዓይነት የሚይዘው ይህ ጂን የሚሠራውን ፕሮቲን ነው። ጂኑን የጣለ ተህዋስ ሰውን እያንቀጠቀጠ፣ ምርመራው «ወባ የለም» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ተህዋስ አገራችን ውስጥ መኖሩ ተረጋግጧል።

አንድ ማታ ቁራጮቹ ከአንደኛው እስከ 14ኛው ክሮሞዞም በየቦታቸው የተደረደሩበትን ፋይል ወደ ውጭ ዲስክ እየቀዳሁ መብራት ሄደ። ሲመለስ ፋይሉ ስሙን ይዞ ቁጭ ብሏል። ሳምቱልስ በሚባለው ፕሮግራም ብቆጥር ኤችአርፒ2 ላይ ያረፈ ቁራጭ ዜሮ! 13ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ወንድሙ ኤችአርፒ3ም ዜሮ! ደስታዬን አልቻልኩትም፤ አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ጠራሁት።

«ጎረቤቶቹስ?» አለኝ።

ሰው ከቤቱ ሲጠፋ ጎረቤት ይጠየቃል። ኤችአርፒ2 ያለው ስምንተኛው ክሮሞዞም ጫፍ አካባቢ ነው፤ ወደ መሀል ያሉት ጂኖች በደንብ ተነብበው እሱ ባዶ ከሆነ፣ ተጥሏል ማለት ያስኬዳል። ብንፈልግ ጎረቤት የለም፤ መንደሩም የለም። ከ14ቱ ክሮሞዞሞች ከስምንተኛው ጀምሮ ያሉት እልም ብለዋል። ከግማሽ በላይ ጂኖሙን ጥሎ ሰው የሚያንቀጠቅጥ ወባ ደግሞ አልተፈጠረም።

ሳምቱልስ እኮ የፋይሉ መዝጊያ ምልክት እንደሌለ፣ ሳይቆረጥም እንዳልቀረ በአንዲት መስመር ጽፎ ነበር፤ መስመሯን የቁጥር ጎርፍ ወደ ላይ ወሰዳት። ፋይሉ እንደገና ሲቀዳ ጂኑ ቦታው ላይ ተገኘ።

አሁን «የለም» የሚል ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማታ መብራት ሄዶ ነበር?» ብዬ ነው። ባዮሎጂው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።