በቅሎም እዚያ ይቆማል?

ደባርቅ ያለ ፓርክ ለማልማት መጀመሪያ ቢሾፍቱ መውረድ ያስፈልጋል። ይህን ያወቅኩት «በጥብቅ ስፍራዎች የቱሪዝም ኮንሴሽን አስተዳደር» በሚል የአቅም ግንባታ ሥልጠና ላይ በቃለ ጉባኤ ያዥነት ስጋበዝ ነው። ጭላዳው ሰሜን ተራሮች ላይ ሣሩን ይነጫል፤ እኛ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል ተቀምጠን የሻይ ሰዓት ኬክ እንነጫለን።

የመጀመሪያው ቀን በመተዋወቅና «ከሥልጠናው ምን ትጠብቃላችሁ?» በሚል ጥያቄ አለቀ። ሁላችንም ባለ ቀለሟ ወረቀት ላይ «ልምድ መቅሰም» ብለን ጻፍን። በቅሎ አከራዮችን ወክለው የመጡት አዛውንት ብቻ «አበል መቼ ነው?» አስጻፉ። እኛ በልባችን የጻፍነውን እሳቸው በወረቀት አስጻፉት።

ሁለተኛው ቀን የክሩገር ነበር። ደቡብ አፍሪካ እዚያ ፓርክ ውስጥ ለግል ሎጆች የ20 ዓመት ውል መስጠቷን በስላይድ አየን። አሠልጣኙ ወደ 20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን አገር እያሳዩ «ይህን ወደ እኛ መቅዳት ነው» አሉ። የእኛው ፓርክ 412 ነው። እዚያ አንበሳ ከመኪና መስኮት ይታያል፤ እዚህ ዋልያን ለማየት ግን ብዙ ጊዜ ገደል አፋፍ ድረስ በእግር መሄድ ያሻል። ደግሞስ ፓርካችን እ.ኤ.አ. በ1996 ከገባበት የዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ በ2017 የወጣው ግጦሽ ስለቀነሰ፣ ሰው ከግጭ መንደር ስለተነሣ፣ ተለዋጭ መንገድ ስለተሠራ እንጂ ስላይድ ስለበዛ አይደለም።

ዋናው ነገር፣ ውሉ፣ ለሦስተኛው ቀን ቀረ። ኮንሴሽን ማለት መሬቱ የመንግሥት እንደሆነ ይቆያል፣ ባለሀብቱ ለተወሰነ ዘመን እየከፈለ ይሠራበታል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም ይገባዋል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኪራዩ ቁርጥ ነው ወይስ ከገቢው በመቶኛ? በመቶኛ ከሆነ ደብተሩን ማን ይመረምራል? ማገዶው ከየት ይመጣል? ከአካባቢው ስንት ሰው ይቀጠራል? ዘመኑ ሲያልቅ ቤቱ ለማን ይቀራል? ለዚህ ሁሉ የተረፈው ግማሽ ሰዓት ነበር። 6 ሰዓት ላይ ክፍል ማስረከብ አለ፣ ከዚያ በፊት የአበል ፊርማ፣ ከፊርማው በፊት የቡድን ፎቶ።

ያን ጊዜ አዛውንቱ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የሎጁ ቆሻሻ ከተራራው የሚወርደው በማን በቅሎ ነው? የሚከፍለኝስ ማን ነው?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው አባት! ፓርኪንግ ሎት ላይ እናቆየው» አሉ አሠልጣኙ፤ ጥያቄውንም በዚሁ ስም ከተሰቀለው ትልቅ ወረቀት ላይ ለጠፉት።

አዛውንቱ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ምን አለ?» አሉኝ።

«መኪና ማቆሚያ ላይ ይቁም ነው የሚሉት።»

«በቅሎም እዚያ ይቆማል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ ሰዓቱም አብሮ አለቀ። ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ የእንግዳ ጓዝ ሲያመላልሱ ለኖሩ ሰው ስለ ተራራ ሦስት ቀን ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ነው። እኔ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ «ለተነሡት ጥያቄዎች በቂ ማብራሪያ ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩና አበሌን ፈረምኩ።

ከዓመት በኋላ ደባርቅ ሄድኩ። አብረውን የሠለጠኑት ባለሙያ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረዋል፤ የተገነባው አቅምም አብሯቸው ሄዷል። ተተኪያቸውን ስለ ውሉ ብጠይቃቸው «ሥልጠና እየጠበቅን ነው» አሉኝ። ስወጣ አዛውንቱን በቅሏቸውን ሲጭኑ አገኘኋቸው።

«ያቺ ጥያቄዬ ከመኪና ማቆሚያው ወጣች?»

«ሁለተኛ ዙር አለ አባት። ዘንድሮ ሐዋሳ ነው።»

መጫኛውን እያጠበቁ ትንሽ አሰቡና «ከቢሾፍቱ ይርቃል?» አሉ።

«ይርቃል።»

«እንግዲያማ አበሉም ይጨምራል።»