አብሽር፣ ሴንሰር ነው!

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ሰምቶ ሰምቶ ሰልችቶታል። «የሞተር ምስል ያላት ቢጫ መብራት በራችብኝ» ብለህ ጋራዥ ስትገባ፣ መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «አብሽር፣ ሴንሰር ነው» ይልሃል። የትኛው ሴንሰር? ምን ሆኖ? ይህን መጠየቅ ነገረኛ ያሰኛል። ግማሽ ገላው መኪናው ውስጥ፣ እግሮቹ ውጭ እንደሆኑ ከመሪው ሥር ያለችውን ሶኬት ዳብሶ የኮድ ማንበቢያ ማሽኑን ይሰካል፣ ሁለት ቁልፍ ይጫናል፣ መብራቷ ድርግም። «በቃ ወንድምዬ፣ ጨርሻለሁ።» ትከፍላለህ። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሳ ትበራለች።

ማሽኑ የሚያወጣው ቁጥር እኮ ምሥጢር አይደለም። የመጀመሪያ ፊደሉ «ፒ» ከሆነ ነገሩ የሞተርና የካምቢዮ ነው፤ «ሲ» የፍሬንና የመሰሎቹ፣ «ቢ» የቦዲው፣ «ዩ» ከሆነ ደግሞ የመኪናው ኮምፒውተሮች መነጋገር አቅቷቸዋል። አሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሶኬት እንዲነበብ አስገደደች፤ አውሮፓም ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ተከተለች። ስለዚህ ማንበቡ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ከተነበበ በኋላ ነው።

ፒ0171 ወጣ እንበል። ለሞተሩ ከሚደርሰው አየር አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው፤ ለምን እንዳነሰ አይናገርም። ይህን የደረሰበት ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ ያየውን የተናገረ ምስክር ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን የሚፈረድበት ምስክሩ ነው። «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፣ ቀይረው።» ዕቃው እዚህ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ይደወላል፣ በአውቶቡስ ይላካል፣ ይገጠማል፣ መብራቷም እንደገና ትበራለች። ልመልስ ብትል «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» ትባላለህ። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ መካኒክ ሞተሩ እየሠራ ጆሮውን ጠጋ ሲያደርግ፣ ከአየር ማጣሪያው ወዲህ ያለች የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ ስታፏጭ ይሰማታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ አቀበት ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደህና የተነሳ መኪና ሰው ጭኖ አቀበቱን ሲይዝ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ቢጫዋም መብራት እንደወትሮው ዝም ብላ በመብራት ፈንታ ብልጭ ድርግም ትላለች። ይህ ቀልድ አይደለም። አንዱ ሲሊንደር እሳት አልያዘም፣ ያልተቃጠለውም ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ ዋጋው የማይቀመሰውን ካታሊስት እያቃጠለው ነው። ያኔ እግርን ከነዳጅ ላይ ማላላት፣ ቶሎም ዳር ይዞ መቆም ነው። ብዙው ሰው ግን «ደሴ ልግባና» እያለ ይረግጠዋል።

ደሴ ደርሰህ ጋራዥ ስትቆም ሞተሩ ሸክም የለበትምና ጸጥ ብሎ ይሠራል። «ይኸው ምንም የለውም!» ኮምፒውተሩ ኮዱን ሲመዘግብ እኮ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ስንት ዙር ይዞር እንደነበር፣ ፍጥነቱን፣ ሙቀቱንና ጭነቱን አብሮ አስቀምጧል። አቀበቱ ላይ የሆነውን ያን ገጽ ከፍቶ ማየት ነው። የሚከፍተው ግን ስንቱ ነው? ኮዱ ፒ0301 ከሆነ ጥርጣሬው አንደኛው ሲሊንደር ላይ ነው። የእሱን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አቀያይሮ አቀበቱን እንደገና መሞከር ነው፤ ፒ0302 ሆኖ ከመጣ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፣ እዚያው ከቀረ ካንዴላውንና ኢንጄክተሩን ማየት። ለዕቃ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ይህ ሁሉ ቀርቶ «ለማንኛውም አራቱንም እንቀይራቸው» ይባላል።

«ከፍታው ነው» የሚሉም አሉ። በካርቡሬተር ዘመን እውነት ነበር፤ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ግን አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል። የደሴው የጦሳ ተራራ ምን በደለ? ይልቅ ማደያው ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የምንገዛውን ቤንዚን መጠርጠር ይሻላል፤ ምን እንደተደባለቀበት የሚያውቀው የሸጠው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያበግነው የሽያጭ ዕለት ነው። ገዢ ሊመጣ ሲል ኮዱ ይጠፋል፤ የባሰበት አምፖሏን ነቅሎ ይጥላታል። ቁልፉን አዙረህ ሞተሩ ሳይነሳ ቢጫዋ ምልክት መታየት አለባት፤ ካልታየች ብዙውን ጊዜ የነካካት ሰው አለ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ተራው የኤሌክትሪኮቹ ሆኗል። አንዳንዶቹ ጉልበታቸው ሲቀንስ የኤሊ ምስል ያሳያሉ፤ ሌላውን ጣጣ በቻይንኛ የሚጽፉም አሉ። እነሱንም «አብሽር፣ ሴንሰር ነው» የሚላቸው አይጠፋም።

እባካችሁ፣ መካኒኩ «ላጥፋው?» ሲላችሁ ቶሎ «እሺ» አትበሉ። መጀመሪያ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ዙሩና ሙቀቱ የተመዘገበበትንም ገጽ አስከፍታችሁ አንሱት። ኮዱ ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል።